በዋጃ የኮምፒውተር የሽቦ መስመር ስለሚዘገይበት ምክንያትና ስለ ማስተካከያው

ዋጃ በራያ ቆላ፣ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ አውራ ጐዳናውን ይዛ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቀሌ የሚሄደው መንገድ በውስጧ ያልፋል። በእንዲህ ያሉ የመንገድ ዳር ከተሞች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሰጡት አገልግሎት ቀላል አይደለም። ተማሪ ለትምህርት የሚመዘገበው፣ የፈተና ውጤቱን የሚያየው፣ ሥራ ፈላጊውም ማመልከቻውን የሚልከው ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ቤቶች ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሲያዘግም የሚጐዳው የቤቱ ባለቤት ብቻ ሳይሆን፣ ከገጠር ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ቅጹን ሞልቶ ሳይጨርስ የሚመሽበት ተማሪ ጭምር ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ የኮምፒውተር መስመር ነገር የባለሙያ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የትምህርት ቤትም ጉዳይ ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው በሽቦ የተያያዘ ኮምፒውተር ለምን እንደሚያዘግምና እንዴት እንደሚስተካከል ነው፤ በሞባይልና በዋይፋይ ስለሚመጣው ኢንተርኔት አሁን አንናገርም። ኢንተርኔት ሲዘገይ ሰው ሁሉ ጥፋቱን የሚፈልገው በሩቁ መስመር ላይ ነው፤ በየወሩ የበለጠ ከፍሎ ከፍ ያለ ፍጥነት ለመግዛትም ይቸኩላል። ነገር ግን ጕድለቱ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ በእጁ ሊነካው በሚችለው ጥቂት ሜትር ሽቦ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ገንዘብ ከማውጣት አስቀድሞ ይህንን ሽቦ መመርመር ይገባል እንላለን።

ሰው ዐይኑን ወደ ሩቅ መጣሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን የስልክ ሽቦ መዘርጋት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ ይኸውም ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የተዘረጋው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ነው፤ ኢንተርኔትም ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሽቦው የመንግሥት ነበር፤ የተጠቃሚው ድርሻ መክፈል፣ ሲበላሽ ማመልከትና መጠበቅ ነበር። በዚህ ላይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በራያ ቆላ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ስለ ነበረ፣ መስመር ማለት ከሰው እጅ ውጭ የሆነ ነገር መስሎ ቢታይ አያስደንቅም። ከሞደሙ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ሽቦ ግን የባለቤቱ የራሱ ነው፤ ቢበላሽም ሊጠግንለት የሚመጣ ሌላ ሰው የለም።

ወደ ሽቦው ከመሄዳችን በፊት አንድ የቍጥር ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ከዚህ የተነሣ የሚቀሰቀስ ጠብ ቀላል አይደለምና። የመስመር ፍጥነት የሚለካው በሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። ኮምፒውተሩ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ቍጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ በሜጋ ባይት ወይም በኪሎ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ፣ ለ4 ሜጋ ቢት የሚከፍል ሰው ማውረጃው ላይ ከግማሽ ሜጋ ባይት ማለት ከ500 ኪሎ ባይት የሚበልጥ ሊያይ አይችልም። ይህን ያየ ሰው ስምንት እጅ የተሰረቀ ቢመስለውም፣ የተሰረቀ ነገር የለም። እንደዚሁም በዚያው መስመር ላይ አራት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ቢያወርዱ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 125 ኪሎ ባይት ያህል ነው። ይህን የመሰለውን መዘግየት ማንኛውም የሽቦ ጥገና አያሻሽለውም፤ በርግጥ የበለጠ ፍጥነት መግዛት የሚያስፈልገውም በዚህ ጊዜ ነው።

አሁን ለማስረዳት እንዲመቸን በዋጃ አውራ ጐዳና ዳር አንድ የጽሕፈት ቤት እናስብ። ሞደሙ በፊት ለፊቱ ክፍል፣ አራቱ ኮምፒውተሮች በጓሮው ክፍል ናቸው እንበል። በመካከላቸው ስዊች የሚባለው ማከፋፈያ አለ፤ ሽቦው በቆርቆሮው ጣራ ሥር ተስቦ በግድግዳው ጫፍ ይወርዳል። ባለቤቱ የሚከፍለው ለ4 ሜጋ ቢት ነው፤ የሚያገኘው ግን ግማሽ ሜጋ ቢት እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ ምን ያድርግ?

ምንም ወጪ የሌለው ፈተና ይህ ነው። አንዱን ኮምፒውተር አንሥቶ ወደ ሞደሙ ይውሰድና በአዲስ አጭር ሽቦ በቀጥታ ይሰካው፤ ሌሎቹን ሁሉ ይንቀል። እንዲህ ሲሆን ፍጥነቱ ከተመለሰ፣ የውጭው መስመር ደኅና ነው፤ ጥፋቱ በቤቱ ውስጥ ነው። ካልተመለሰ ጥፋቱ ከሞደሙ ወዲያ ወይም በራሱ በኮምፒውተሩ ነው፤ ይህንንም ለመለየት ሌላ ኮምፒውተር በዚያው ሽቦ መሞከር ነው። ይህ ፈተና ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ቢሆንም ብዙ ሰው ሳያደርገው አዲስ ሞደም ይገዛል።

ሁለተኛው ፈተና ፒንግ የሚባለው ትእዛዝ ነው። ኮምፒውተሩ ወደ ሞደሙ አጭር ጥያቄ እየላከ መልስ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ይቈጥራል። ዊንዶውስ በራሱ የሚጠይቀው አራት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ መቶ ጊዜ እንዲጠይቅ ማዘዝ ይሻላል። በደኅና ሽቦ ላይ ከቤት ሞደም የሚመጣው መልስ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ብዙ አያልፍም፤ ከመቶውም አንድ እንኳ ሊጠፋ አይገባም። በዚያች ጥቂት ሜትር ሽቦ ላይ ከመቶ ሁለትና ሦስት የሚጠፋ ከሆነ ሽቦው ታሟል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሽቦው 100 ሜጋ ቢት የሚያሳልፍ ሆኖ ሳለ ከመቶ ሁለት ቢጠፋበት 98ቱ አይተርፍምን? የተገዛው 4 ብቻ ከሆነ እንዴት ይጐዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የነገሩ ዋና ፍሬ ስለ ሆነ ጥቂት እንቈይበታለን። በኢንተርኔት የሚላክ ነገር ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ቍራጮች ተከፋፍሎ ይጓዛል። ተቀባዩ ቍራጩ መድረሱን ካላስታወቀ ላኪው እንደገና ይልካል። ነገር ግን ላኪው ፓኬቱ ለምን እንደ ጠፋ አያውቅም፤ ሽቦ ተቀጥፎ ይሁን መንገዱ ተጨናንቆ ይሁን አያይም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ስለሚገምት ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ይጨምራል። ገና ሳያንሰራራ ሌላ ፓኬት ከጠፋ እንደገና ይቀንሳል። በዚህ ዐይነት ጥቂት ፓኬት የሚጥል ሽቦ ላኪውን ዘወትር ፈሪ ያደርገዋል። ከሩቅ አገር የሚመጣ ነገር የበለጠ የሚጐዳውም ስለዚህ ነው፤ መልሱ ደርሶ እስኪመለስ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ማንሰራራቱም ይዘገያልና።

ላኪው ይህን ጠባይ ያገኘው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ በሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው መስመር ከ32 ኪሎ ቢት ወደ 40 ቢት በሰከንድ ወርዶ ነበር፤ የሁለቱም ርቀት 400 ያርድ ያህል ብቻ ነበር። ምክንያቱ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ የጠፋውን ያለ ልክ እየደጋገሙ በመላክ መንገዱን ራሳቸው መዝጋታቸው ነበር። ቫን ጃኮብሰን የተባለው ሊቅ ሲጠፋብህ ዝግ በል የሚለውን ሥርዓት አብጅቶ እ.ኤ.አ. በ1988 በጽሑፍ አወጣው። ኢንተርኔትን ከመጨናነቅ ያዳነው ይህ ሥርዓት በታመመ ሽቦ ላይ ሲሆን ግን ባለቤቱን ይበድላል።

እንግዲህ ሽቦው ፓኬት የሚጥለው ለምንድን ነው? ኢተርኔት የሚባለው የሽቦ ዐይነት በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ እነዚህም ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ፈትል የተገመዱ አራት ጥንዶች ናቸው። መገመዱ ለውበት ወይም ለጥንካሬ አይደለም። የአንዱ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ተቃራኒ ምልክት ይይዛሉ፤ ተቀባዩም የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ነው። ከመብራት ሽቦ፣ ከሞተር ወይም ከጎረቤት ጥንድ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ስለሚነካቸው ልዩነታቸው አይለወጥም፤ ረብሻው ራሱን በራሱ ያጠፋል። ይህ እንዲሆን ግን ሁለቱ ሽቦዎች ሁልጊዜ አንዱ ባንዱ ላይ ተጠምዝዘው መሄድ አለባቸው። ይህን ጥበብ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ለስልክ መስመር እ.ኤ.አ. በ1881 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል።

ከዚህ የተነሣ በሽቦው ጫፍ ላይ ኮኔክተር ሲገጠም የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ፤ ይህን ስሕተት ብዙ ሠራተኛ አያውቀውም፣ መፈተሻ መሣሪያም አያገኘውም። ኮኔክተሩ ስምንት ጥርስ አለው። ሥራውን የማያውቅ ሰው ጥንዶቹን በተርታ ይደረድራል፤ ብርቱካኑን ጥንድ በ1 እና በ2፣ አረንጓዴውን በ3 እና በ4፣ ሰማያዊውን በ5 እና በ6፣ ቡናማውን በ7 እና በ8 ያስገባል። በሌላውም ጫፍ እንዲሁ ካደረገ እያንዳንዱ ሽቦ ከወንድሙ ጋር ይገናኛል፤ በገበያ የሚሸጠው ርካሽ መፈተሻም ስምንቱንም መብራት በተራ አብርቶ ሥራው ደኅና ነው ይላል። ኢተርኔት ግን አንዱን ምልክት የሚልከው በ3 እና በ6 ላይ ነው። በዚህ አደራደር 3 የአረንጓዴው፣ 6 የሰማያዊው ጥንድ ስለሚሆኑ፣ ተቃራኒዎቹ ምልክቶች አብረው ባልተገመዱ ሽቦዎች ይሄዳሉ፤ ረብሻውን የሚያጠፋው ኀይልም ይጠፋል። ሽቦው አጭር ሲሆን ይሠራል፣ ሲረዝም ፓኬት ይጥላል፣ አጠገቡ ያለ የመብራት ሽቦም ይረብሸዋል።

ትክክለኛው አደራደር፣ ከሁለቱ መደበኞች በብዛት የሚሠራበት፣ ከ1 እስከ 8 እንዲህ ነው፤ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡና፣ ቡና። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን አቅፎ 3 ላይና 6 ላይ መቀመጡን ልብ ይሏል። ሽቦውን ለማስገባት ሲባል የሚፈታውም ግማድ ከ13 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ አንዳንድ ሠራተኛ ለእጁ እንዲመቸው አንድ ስንዝር ያህል ፈትቶ ሲተው አይተናል። በዚህ ሥራ ላይ ገንዘብ የሚወጣበት ሁለት ኮኔክተር ብቻ ስለ ሆነ፣ የተጠረጠረ ጫፍ ካለ ቈርጦ እንደገና መግጠም ከክርክር ይሻላል።

የሽቦውን ሁኔታ ኮምፒውተሩ ራሱ በከፊል ይናገራል። በዊንዶውስ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ የኢተርኔቱ ሁኔታ ሲከፈት የመስመሩ ፍጥነት 10 ወይም 100 ሜጋ ቢት፣ ወይም 1 ጊጋ ቢት ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። 100 ሜጋ ቢት የሚሠራው በሁለት ጥንድ ነው፤ 1 ጊጋ ቢት ግን አራቱንም ይፈልጋል። ካርዱም ስዊቹም ለጊጋ ቢት የተሠሩ ሆነው 100 የሚል ከተነበበ፣ ከቀሩት ሁለት ጥንዶች አንዱ ተቈርጧል ብሎ መጠርጠር ይገባል። አንዳንድ ካርድ በዚህ ጊዜ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሠራል፤ አንዳንዱ ግን መስመሩ እየተነሣ እየወደቀ ያስቸግራል። ለ4 ሜጋ ቢት ኢንተርኔት 100 በቂ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም። ጊጋ ቢት የሚጠቅመው በቤቱ ውስጥ ካንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ትልቅ ፋይል ለሚያመላልስ፣ ወይም ብዙ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ሆነው ከአንድ ዋና ኮምፒውተር ለሚሠሩበት ትምህርት ቤት ነው።

ስለ ሽቦው ጥራትም የምንለው አለን። በገበያ ላይ በርካሽ ከሚሸጡት ኬብሎች ብዙዎቹ ውስጣቸው አሉሚኒየም ሆኖ ላያቸው መዳብ የተለበጠ ነው። ሻጮች ፈጣን ምልክት የሚሄደው በሽቦው ገጽ ላይ ስለ ሆነ ልዩነት የለውም ይላሉ። በከፊል እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን አሉሚኒየም ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ በኮኔክተሩም ጥርስ ሥር እየላላ ይሄዳል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ቢያደርጉት መዳብ እስከ ውስጥ ቀይ ሲሆን ልባጡ ነጭ ሆኖ ይታያል። ኬብሉም በእጅ ሲመዘን ይቀላል።

ርዝመቱ ከስዊች እስከ ኮምፒውተር 100 ሜትር እንዳያልፍ ተወስኗል። ይህ ልክ የ20 ዲግሪ ሙቀትን መሠረት ያደረገ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ምልክት ይዳከማል። በራያ ቆላ የቆርቆሮ ጣራ ሥር እኩለ ቀን ላይ ያለውን ሙቀት የሚያውቅ ሰው፣ 95 ሜትር ኬብል በዚያ ሥር ስቦ ጧት ሠርቶ ከሰዓት በኋላ ቢያዘግምበት አይደነቅ። ስለዚህ ኬብሉን ከቆርቆሮው ላይ ማውረድ፣ በተቻለ መጠንም ማሳጠር ነው። በደጅ የሚዘረጋ ኬብል ለውስጥ የተሠራው ግራጫ ዐይነት ከሆነ ልባሱ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ በክረምት ውሃ ይገባበታል። ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ የተሳበ የመዳብ ሽቦም በነጎድጓድ ጊዜ ስዊቹንና ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ፋይበር መዘርጋት ይመረጣል። የተቈረጠን ኬብል እንደ መብራት ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ግን በማንኛውም ጊዜ የማይደረግ ነው፤ ግማዱ እዚያው ላይ ይፈታልና።

አንድ ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ፤ ይህ በሽቦው ሳይሆን በሁለቱ ጫፎች ስምምነት ላይ የሚገኝ ነው። ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. በ1973 ኢተርኔትን ሲጀምሩ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ የተያያዙት በአንድ የጋራ ሽቦ ነበር፤ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ዝም ብለው መጠበቅ ነበረባቸው። በኋላ ስዊች በመጣ ጊዜ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ መናገርና መስማት ቻሉ። የዛሬ መሣሪያዎች ሽቦው እንደ ተሰካ በምን ፍጥነትና በየትኛው አነጋገር እንደሚሠሩ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። አስቸጋሪው፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ሲገዛ፣ ቀድሞ የነበረው ሠራተኛ 100 ሜጋ ቢት፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚል ቋሚ ትእዛዝ አስገብቶበት የተገኘ እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር በስምምነቱ ውስጥ አይገባም። ስዊቹም ፍጥነቱን ከምልክቱ ለይቶ ቢያውቅም አነጋገሩን ማወቅ ስለማይችል፣ በደንቡ መሠረት ተራ ጠባቂ ሆኖ ይቀመጣል። አንዱ ተራ ሳይጠብቅ ሲናገር ሌላው ንግግሬ ተቋረጠ እያለ የጀመረውን ይተዋል። አጭር ጥያቄ ስለማይጋጭ ፒንጉ ደኅና መስሎ ይታያል፤ ትልቅ ፋይል ሲመጣ ግን ፍጥነቱ ይወድቃል። ማስተካከያው በካርዱ ቅንብር ውስጥ ገብቶ በራስ መስማማት የሚለውን መመለስ ነው፤ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ትናንሾቹን ምክንያቶች በአጭሩ እንለፋቸው። የአንድ ኬብል ሁለቱም ጫፎች በአንድ ስዊች ላይ ከተሰኩ መልእክቱ እየዞረ ራሱን ስለሚያባዛ ቤቱ ሁሉ ይቆማል፤ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ ባንድነት በኀይል ሲርገበገቡ ይህን መጠርጠር ነው። አራቱም ኮምፒውተሮች ዊንዶውስን በአንድ ሰዓት ሲያድሱ 4 ሜጋ ቢቱን ይጨርሱታል፤ እድሳቱን ደንበኛ ወደማይኖርበት ሰዓት ማዞር ይቻላል። የካርዱ ድራይቨር ያረጀ እንደ ሆነም ከሠሪው ኩባንያ አዲሱን አውርዶ መጫን ነው።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ፣ ኮምፒውተሩ ከሞደሙ ጋር በአጭር ሽቦ በቀጥታ ተሰክቶ እንኳ የሚያዘግም ከሆነ፣ ያን ጊዜ ወደ ውጭው መስመር እንሄዳለን። መስመሩ የመዳብ የስልክ ሽቦ ከሆነ ፍጥነቱ ከማከፋፈያው ጣቢያ በራቀ ቍጥር ይወርዳል፤ በመጋጠሚያዎቹ ውሃ ከገባም በዝናብ ጊዜ ይበረታበታል። በዚያው መስመር የስልክ መነጋገሪያ ካለ፣ ከስልኩ በፊት የምትሰካው ትንሿ ማጣሪያ መኖሯን ማየት ያስፈልጋል፤ እርሷ ከሌለች ስልኩ በጮኸ ቍጥር ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። ከዚህ በኋላ በሞደሙ የቅንብር ገጽ ላይ የሚገኙትን ሁለት ቍጥሮች፣ ማለት ሞደሙ ከጣቢያው ጋር የተስማማበትን ፍጥነትና በዴሲቤል የተጻፈውን የረብሻ ትርፍ፣ በጧት፣ በቀትርና በማታ ለሦስት ቀን በወረቀት ላይ መመዝገብ ነው። የረብሻው ትርፍ ከ6 ዴሲቤል በታች የሚወርድ መስመር አይረጋም። ወደ ኢትዮ ቴሌኮም በ994 ሲደወልም ኢንተርኔቱ ዘገየ ከማለት ይልቅ ይህን ወረቀት ይዞ፣ ሞደሙ በምን ፍጥነት እንደ ተስማማ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚወርድ፣ በቤቱም ውስጥ ያለው ሽቦ ተነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር እንደ ተሞከረ መንገር ነው።